ጅብ ከሄደ ውሻ እንዳይጮኽ፦ የኮንቴነሮችን ክላስተር ከሩቅ ሆኖ ስለ መጠበቅ

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ላለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ እንጀራዬን የምበላው በኮምፒውተር ሥራ ነው። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለመራቀቅ ሳይሆን፣ በሥራዬ ላይ የደረሰ አንድ ነገር ለብዙዎቻችን ትምህርት ይሆናል ብዬ ስላመንኩ ነው። ከእናንተ መካከል በዚሁ ሙያ የተሰማራችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሙያችሁ ያልሆነ ደግሞ «ይኼ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ አትዝለሉት። ለወንድማችሁ ገንዘብ የምትልኩበት፣ የሐኪም ቀጠሮ የምትይዙበት፣ የአውሮፕላን ትኬት የምትቆርጡበት ድረ ገጽ ሁሉ ከጀርባው ዛሬ የማወራችሁ ዓይነት ነገር ሊኖረው ይችላልና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር

በዚያን ጊዜ የምሠራው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ በሚያስተላልፍ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጥፋቱም በከፊል የእኔው ነው። ዕለቱ ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 30 ቀን 2021፣ የስቅለት ዓርብ ነበር። የበዓል ዋዜማ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባሕር ማዶ ያለ ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፤ ለበጉም፣ ለዶሮውም፣ ለቅቤውም መላክ አለበት።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ስልክ ደወለልኝ። እንግሊዝኛ የማይችሉ አንዲት እናት መስመር ላይ አሉ፤ አማርኛ የምትናገረው አንተ ነህና እባክህ አነጋግራቸው አሉኝ። እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ውለው ገና መመለሳቸው ነበር፤ ድምፃቸው ደክሟል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ገንዘቡ ከእኔ ወጥቷል፤ ባንኬ ይኸው ወጪ ብሎ አሳይቶኛል። ወንድሜ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል፤ መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ተብለዋል። እነሱ ጋ ደግሞ አልደረሰም። እና የት ነው ያለው?»

«እናቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ አይቼ ራሴ እደውልልዎታለሁ» አልኳቸው።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ድረ ገጹ ይሠራል። በየደቂቃው ድረ ገጹን ከውጭ እያንኳኳ የሚፈትሸው ፕሮግራም «ሁሉም ደኅና» ይላል። የሴትዮዋ መዝገብ «ተልኳል» ይላል። አዲስ አበባ ያለው ባንክ መዝገብ ላይ ግን ምንም የለም። ከእኛ ወጥቷል፣ እነሱ ጋ አልደረሰም። ማስተርስ ድግሪ ይዤ፣ ያን ያህል ዓመት በሙያው ሠርቼ፣ «የት ነው ያለው?» ለሚለው የሦስት ቃል ጥያቄ መልስ አጣሁ።

ሌሊቱን ስንፈትሽ አድረን የደረስንበት ይህ ነው። በድረ ገጹና በባንኩ መካከል ትእዛዙን የሚያደርሰው ፕሮግራም ከእኩለ ቀን ጀምሮ እየሞተ እየተነሣ ነበር። ሲሞት በእጁ የያዛቸው ትእዛዞች «ተልኳል» የሚል ምልክት ተደርጎባቸው ሳይላኩ ቀርተዋል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባችን ፕሮግራሙ የተንቀራፈፈ መስሎት «አጥፍቼ ላንሣው» ብሎ በአዲስ ተካው። በዚያች ቅጽበት የሟቹ ማስታወሻም አብሮ ተቀበረ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ገንዘብ በእኛው ሂሳብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ አልጠፋም፤ ግን ማንም አላወቀም። ዝርዝሩን በእጅ ለቅመን ስንጨርስ ነጋ። ቅዳሜው ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን፣ እሑድ ፋሲካ፤ ባንክ ዝግ ነው። የሴትዮዋ ገንዘብ የደረሰው ሰኞ ነው። መድኃኒቱን እስከዚያ ጎረቤት አዋጥቶ ገዝቶላቸዋል፤ እግዜር ይስጣቸው።

የአገራችን ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል። የእኛ ውሻ ግን ጅቡ ከሄደ በኋላ እንኳ አልጮኸም። የጮኹት ሴትዮዋ ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሲሆን እንዴት ማንም አላየም? ይህን ለመረዳት ከመሠረቱ መጀመር ያስፈልጋል።

ኮንቴነር ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ከጅቡቲ ወደብ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ በመኪናና በባቡር የሚጓጓዘው የብረት ሣጥን ነው። ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት በ1956 እ.ኤ.አ. 58 ኮንቴነሮችን አይዲያል ኤክስ በተባለች መርከብ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ሲልክ፣ የዓለም ንግድ መልኩ ተቀየረ። ምሥጢሩ ቀላል ነው፦ ሣጥኑ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ክሬኑም መርከቡም ባቡሩም ውስጡ ቡና ይሁን ጫማ ማወቅ አያስፈልጋቸውም።

የሶፍትዌር ኮንቴነርም ሐሳቡ ይኸው ነው። አንድ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይታሸጋል፤ ከዚያ በየትኛውም ሰርቨር ላይ እንዳለ ይነሣል። ይህን አሠራር በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር በሰፊው አስለመደው። ኮንቴነሮች ሲበዙ ግን ማን የት ይቀመጥ፣ የሞተውን ማን ያንሣው የሚል ጥያቄ መጣ። ጉግል በ2014 ኩበርኔቲስ የተባለውን ሶፍትዌር ለሕዝብ ክፍት አደረገ፤ በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሙሉ እትም ወጣ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ መርከብ ነጂ ማለት ነው። ለዚህም ነው ምልክቱ የመርከብ መሪ የሆነው።

ሦስት ቃላት ብቻ ያዙልኝ። ኮንቴነሮቹ የሚቀመጡበት እያንዳንዱ ማሽን ኖድ ይባላል። አብረው የሚኖሩ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ኮንቴነሮች ፖድ ይባላሉ። ኖዶቹ ከነአስተዳዳሪያቸው በአንድ ላይ ክላስተር ይባላሉ። ኩበርኔቲስን «ከዚህ ፕሮግራም ሦስት ቅጂ እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ» ትሉታላችሁ፤ እሱም ቀን ከሌት ሦስት መሆናቸውን ያረጋግጣል። አንዱ ቢሞት ሌላ ያነሣል። አንድ ኖድ ቢወድቅ ፖዶቹን ሌላ ኖድ ላይ ይተካል።

ደግነቱ ይህ ነው፤ ተንኮሉም ይኸው ነው። ድሮ ፕሮግራም ሲሞት ሞቶ ይቀራል፤ ሁሉም ያየዋል። አሁን ግን ሞቶ ስለሚነሣ ከሩቅ ለሚያየው በሕይወት ያለ ይመስላል። በሽታውን እየደበቀ ሥራ እንደሚገባ ሰው ቁጠሩት።

የሟቹ ማስታወሻ ለምን ጠፋ?

የእኛ ፕሮግራም 512 ሜጋባይት ሜሞሪ እንዲጠቀም ተፈቅዶለት ነበር። በአዘቦት ቀን ይበቃዋል። በበዓሉ ዋዜማ ግን ትእዛዙ ስለበዛ ከተፈቀደለት አለፈ። በሜሞሪ ጉዳይ ምሕረት የለም፤ ከወሰኑ ያለፈውን ኮንቴነር የሊኑክስ ከርነል ወዲያውኑ ይገድለዋል። የሚተወው ምልክት 137 የሚል ቁጥር ነው፤ 128 ሲደመር 9 ማለት ሲሆን፣ 9 የግዳጅ ሞት ምልክት ነው። በሲፒዩ ረገድ ግን ወሰን ያለፈ አይገደልም፤ ይዘገያል እንጂ። ይህን ልዩነት አለማወቅ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ኮንቴነሩ ሲሞት ኩበርኔቲስ ያነሣዋል። ደጋግሞ ከሞተ ግን በመካከሉ የሚጠብቀውን ጊዜ ያራዝማል፦ 10 ሴኮንድ፣ 20፣ 40 እያለ እስከ 5 ደቂቃ። ስለዚህ ከቀኑ ወደ ምሽቱ ሲጠጋ የእኛ ፕሮግራም በሕይወት ካለበት ጊዜ ይልቅ ሞቶ የሚጠብቅበት ጊዜ እየበለጠ ሄደ። ድረ ገጹ ግን ሌላ ፖድ ነው፤ ጤነኛ ነው፤ ገንዘብ መቀበሉን ቀጠለ።

ማስረጃውስ? ሦስት ቦታ መገኘት ነበረበት። አንደኛው ፕሮግራሙ የሚጽፈው ሎግ ነው። ሎጉ የሚቀመጠው በኖዱ ዲስክ ላይ ሲሆን፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር 10 ሜጋባይት ሲሞላ አዲስ ፋይል ይጀመርና ለአንድ ኮንቴነር 5 ፋይል ብቻ ይጠበቃል። ኮንቴነሩ ሲነሣ የቅርብ ሟቹን ሎግ ማየት ይቻላል፤ ፖዱ ራሱ ከተሰረዘ ግን ሎጉም ይሰረዛል። ሁለተኛው ኩበርኔቲስ ራሱ የሚመዘግበው የክስተት ዝርዝር ነው፤ ሌላ ካልታዘዘ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠፋል። ሦስተኛው የሜሞሪና የሲፒዩ ልኬት ነው። ሜትሪክስ ሰርቨር የሚባለው ክፍል የአሁኑን ቅጽበት ልኬት እንጂ የትናንቱን አያስቀምጥም።

እንግዲህ አስቡት፦ ሎጉ ከፖዱ ጋር ሄዷል፣ ክስተቱ በሰዓት ተደምስሷል፣ ልኬቱ ቀድሞውንም አልተቀመጠም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኩበርኔቲስ ግን ሞኝም ወረቀትም አይደለም፤ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። ማስታወስ የእሱ ሥራ አይደለም። ማስታወስ የምትፈልጉ ከሆነ ማስረጃውን ገና ትኩስ ሳለ ወደ ውጭ ማውጣት አለባችሁ። «ክላስተሩ ውስጥ ሌላ መዝገብ ቤት ብንሠራስ?» ብትሉ ይቻላል፤ ነገር ግን ቤቱ ሲቃጠል ውስጡ ያለው የእሳት ደወልም አብሮ ይቃጠላል። ከውጭ ያለ የክላውድ ክትትል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ምን ይሰብሰብ?

ሩዶልፍ ካልማን የተባለው የሒሳብና የምሕንድስና ሊቅ በ1960 እ.ኤ.አ. አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፦ የአንድን ሥርዓት ውስጣዊ ሁኔታ ከውጭ በሚታየው ብቻ ማወቅ የሚቻለው መቼ ነው? ዛሬ የክትትል ሥራ ሁሉ የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው። ከውጭ ሆነን ውስጡን ለማወቅ ሦስት ዓይነት ምስክር እንፈልጋለን።

ልኬት «ስንት?» ለሚለው ይመልሳል፦ ስንት ሜሞሪ፣ ስንት ጥያቄ፣ ስንት ስሕተት። ቁጥር ስለሆነ ቀላልና ርካሽ ነው። ሎግ «ምን ሆነ?» ለሚለው ይመልሳል፤ ዝርዝር ነው፤ ግን ከባድና ውድ ነው። ትሬስ የሚባለው ሦስተኛው ደግሞ አንድን ትእዛዝ ከበር እስከ ጓዳ እግር በእግር ይከተላል፤ «የት ነው ያለው?» ለሚለው ይመልሳል። የሴትዮዋን ጥያቄ አስታወሳችሁ? እኛ ከሦስቱ የመጨረሻው ፈጽሞ አልነበረንም። ሌሎቹም የነበሩን ለይስሙላ ነው።

እንዴት ይገናኛል?

የክትትል አገልግሎት የሚሸጡ ብዙ ናቸው፦ ዳታዶግ፣ ኒው ሬሊክ፣ ግራፋና ክላውድ፣ የአማዞን ክላውድዎች፣ የማይክሮሶፍት አዙር ሞኒተር። የትኛውን ምረጡ አልልም፤ አካሄዱ በአብዛኛው አንድ ነው። ሁሉም «በአንድ ትእዛዝ ይተከላል» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ሄልም በተባለው መሣሪያ በአንድ መስመር ይተከላል። ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ መትከል ግን ዘበኛ ሲቀጥሩ መታወቂያውን አለመጠየቅ ነው። እስቲ ደረጃ በደረጃ እንየው።

አንደኛ፣ ቁልፍና ስም። የክትትሉ ድርጅት የምሥጢር ቁልፍ ይሰጣችኋል። ቁልፉ የሚቀመጠው ኩበርኔቲስ ሲክሬት በሚለው ማኅደር ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ሲክሬት ስሙ ምሥጢር ይሁን እንጂ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ውስጡ ያለው ቤዝ 64 በሚባል አጻጻፍ የተለወጠ እንጂ የተመሰጠረ አይደለም፤ ማንም መልሶ ያነበዋል። ስለዚህ ምስጠራውን ለብቻ ማስከፈትና ማን ሊያየው እንደሚችል መወሰን ያስፈልጋል። ከዚያ ለክላስተሩ የማይደገም ስም ስጡት። የሙከራውና የእውነተኛው ክላስተር በአንድ ስም ከተጠሩ መረጃቸው ይደባለቃል።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ። ክትትሉን የሚሠራው ወኪል የራሱ የአገልግሎት መለያ ይሰጠዋል። የሚፈቀድለትም ማየት፣ መዘርዘርና መከታተል ብቻ ነው፤ መቀየርና መሰረዝ አይፈቀድለትም። ሲክሬቶችንም ማንበብ የለበትም። ዘበኛ በሩን ይጠብቃል እንጂ የጓዳውን ሣጥን አይከፍትም።

ሦስተኛ፣ በየግቢው አንድ ዘበኛ። ኩበርኔቲስ ዴመንሴት የሚባል ዘዴ አለው፤ በእያንዳንዱ ኖድ ላይ አንድ ወኪል ፖድ ያስቀምጣል። አዲስ ኖድ ሲጨመር ወኪሉም አብሮ ይገባል። ይህ ወኪል የኖዱን የሎግ ማኅደር ያነባል፤ በየኖዱ ካለው ኩብሌት ከሚባለው ተቆጣጣሪም የእያንዳንዱን ኮንቴነር የሜሞሪና የሲፒዩ ልኬት ይወስዳል። ለወኪሉ ለራሱም የሜሞሪ ወሰን ስጡት፤ አለበለዚያ ጠባቂው የቤቱን እህል ይጨርሳል።

አራተኛ፣ የሰፈሩ አለቃ። ስለ ክላስተሩ አጠቃላይ ሁኔታ፣ ማለትም ስንት ፖድ ይፈለጋል፣ ስንት አለ፣ ስንት ጊዜ ሞቶ ተነሣ የሚለውን፣ ኩብ ስቴት ሜትሪክስ የሚባለው ክፍል ከማዕከሉ እየጠየቀ ያወጣል። የክስተቱም ዝርዝር ከማዕከሉ ይሰበሰባል። ይህ ሥራ በየኖዱ ሳይሆን በአንድ ወኪል ብቻ ይሠራ፤ አሥሩም ዘበኞች አንዱን ወሬ ቢያወሩ አሥር ጊዜ ትከፍላላችሁ።

አምስተኛ፣ መውጫ በር። መረጃው በፖርት 443 ተመስጥሮ ወደ ውጭ ይወጣል። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የድርጅታችሁ ፋየርዎል ወደ ውጭ የሚወጣውንም የሚከለክል ከሆነ፣ ወኪሎቹ ሁሉ «ጤነኛ» ሆነው እየታዩ አንዲት ቁጥር አትደርስም።

ስድስተኛ፣ የፕሮግራማችሁ የራሱ ልኬት። እስካሁን ያልኩት ስለ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ግን ስለ ሴትዮዋ ገንዘብ አያውቅም። ፕሮግራሙ ራሱ «ይህን ያህል ትእዛዝ ተቀበልኩ፣ ይህን ያህሉን ባንኩ አረጋገጠ» ብሎ መናገር አለበት። ለዚህ በብዛት የሚሠራበት አጻጻፍ የፕሮሜቴየስ ነው፤ በ2012 በርሊን በሚገኘው ሳውንድክላውድ የተጀመረ፣ በ2016 ከኩበርኔቲስ ቀጥሎ ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን የተቀበለው ሁለተኛ ፕሮጀክት ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን በአንድ ገጽ ላይ ይለጥፋል፤ ወኪሉ በየተወሰነ ጊዜ እየዞረ ያነባል። ለትሬስ ደግሞ በ2019 ሁለት ፕሮጀክቶች ተዋሕደው የወለዱት ኦፕንቴሌሜትሪ አለ። የእሱ ጥቅም ሻጩን ብትቀይሩም ፕሮግራማችሁን እንደገና አለመጻፋችሁ ነው።

ሰባተኛ፣ ሆን ብላችሁ ግደሉ። ብዙ ሰው ግራፉ ሲንቀሳቀስ አይቶ «ጨረስኩ» ይላል። አልጨረሰም። በሙከራው ክላስተር ላይ አንድ ፕሮግራም ከወሰኑ በላይ ሜሞሪ እንዲበላ አድርጉ፤ ይሙት፤ ፖዱንም ሰርዙት። ከዚያ ወደ ክትትሉ ገጽ ሂዱና 137ን፣ የመጨረሻዎቹን የሎግ መስመሮችና የሞተበትን ሰዓት ፈልጉ። ካገኛችሁ ተገናኝቷል። ካላገኛችሁ አልተገናኘም፤ ስዕሉ ብቻ ነው የተገናኘው።

እኛ የሳትናቸው

ይህን ሁሉ ያደረግነው ከፋሲካው በኋላ በነበረው ክረምት ነው። ሳንሳሳትም አልቀረንም፤ ስሕተታችንን መደበቅ ለማንም ስለማይጠቅም ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው፣ ሁለት ኖዶች ለሦስት ሳምንት ያለ ዘበኛ ቆዩ። አንዳንድ ኖድ «ያለ ልዩ ፈቃድ እኔ ላይ ፖድ አይቀመጥ» የሚል ምልክት አለው፤ ቴይንት ይባላል። ዴመንሴታችን ይህን የሚያልፍበት ፈቃድ አልተጻፈለትም ነበር። ዘጠኝ ኖድ እያለን ሰባት ወኪል ብቻ መኖሩን የቆጠረ አልነበረም። መቁጠር ቀላል ነው፤ ቁጠሩ።

ሁለተኛው ኪስ የሚጎዳ ነው። እያንዳንዱ ልኬት ላይ መለያ ይለጠፋል፦ የትኛው ፖድ፣ የትኛው ገጽ፣ ምን ዓይነት ውጤት። መለያዎቹ አይደመሩም፣ ይባዛሉ። 40 ፖድ፣ 20 ገጽ፣ 5 ዓይነት ውጤት ካለ 4,000 የተለያየ የቁጥር ተከታታይ ይሆናል፤ ይህ ምንም አይደለም። አንድ ልጅ በቅን ልቦና የደንበኛውን መለያ ቁጥር ጨመረበት። 10,000 ደንበኛ ቢኖር ስሌቱ ወደ 40 ሚሊዮን ይወጣል። ሁሉም ባይሞላ እንኳ የወሩ ሂሳብ ሲመጣ የሥራ አስኪያጁ ፊት ምን እንደሚመስል መገመት አያቅታችሁም። የአንድን ደንበኛ ጉዳይ የምትፈልጉ ከሆነ ቦታው ሎግና ትሬስ ነው፤ ልኬት አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ሎጉን ወደ ውጭ ማውጣት ስንጀምር፣ ውስጡ የላኪና የተቀባይ ስምና ስልክ ቁጥር እንዳለ አየን። ለዓመታት በእኛው ዲስክ ላይ ተጽፎ ስለሚጠፋ ማንም ልብ አላለውም፤ አሁን ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ሰርቨር እየላክነው ነው። የሰው ገንዘብ የት እንዳለ ለማወቅ ብለን የሰውን ስም መበተን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። መፍትሔው ስሙና ቁጥሩ ከክላስተሩ ሳይወጣ በፊት በወኪሉ ላይ እንዲሸፈን ማድረግ፣ ከዚያም በላይ ፕሮግራሙ መጀመሪያውኑ እንዳይጽፈው ማድረግ ነው። ሁለቱንም አደረግን።

አራተኛው ሊያስቃችሁ ይችላል። የአዲስ አበባው ባንክ ባለሙያ በኢሜይል «ችግሩ ሦስት ሰዓት ላይ ታይቷል» ብሎ ጻፈልን። አሜሪካዊው ባልደረባዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሆነውን ሎግ ሲያገላብጥ ዋለ። እኔ ስመለከተው ሰውዬው ያለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በፈረንጅ 9 ሰዓት መሆኑ ገባኝ። የስድስት ሰዓት ልዩነት እኛ አብረነው ስላደግን አናየውም። ከዚያ ወዲህ መዝገባችን ሁሉ በዩቲሲ ብቻ እንዲሆን፣ ከባንኩም ጋር ስንጻጻፍ እንዲሁ እንዲሆን ተስማማን። አዲስ አበባ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰዓቷንም በበጋና በክረምት አትቀይርም፤ ስለዚህ ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም።

ማንቂያው መቼ ይጩኽ?

ግራፍ ብቻውን ሰው አይቀሰቅስም። ጉግል በ2016 ባሳተመው የሲስተም አስተማማኝነት መጽሐፍ አራት ነገሮችን ጠብቁ ይላል፦ ምላሽ የሚወስደው ጊዜ፣ የሥራው ብዛት፣ የስሕተቱ ብዛት፣ እና አቅሙ ምን ያህል እንደሞላ። መልካም መነሻ ነው። እኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ በላይ አንድ የራሳችንን ጨመርን፦ ከደንበኛ በተቀበልነውና ባንኩ ባረጋገጠው መካከል ያለው ልዩነት። ይህ ልዩነት ለአሥር ደቂቃ ከሰፋ ስልክ ይደወላል። ምክንያቱ ሜሞሪ ይሁን፣ ኔትወርክ ይሁን፣ ባንኩ ይሁን ለጊዜው ግድ የለንም። ሴትዮዋን የጎዳቸው ልዩነቱ እንጂ ሜሞሪው አይደለም።

በአንጻሩ ለሁሉም ነገር የሚጮኽ ማንቂያ አትፍጠሩ። በመጀመሪያው ወር በሌሊት አሥር ጊዜ የሚቀሰቅሰን ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁላችንም ስልካችንን ድምፅ አልባ ማድረግ ጀመርን። ተነሥታችሁ የምትሠሩት ነገር ከሌለ፣ ማንቂያው በሌሊት መደወል የለበትም።

የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ማንቂያ ካልጮኸ ሰላም ነው ማለት ነው? አይደለም። ወኪሎቹ ሞተውም ሊሆን ይችላል። በፕሮሜቴየስ ዓለም ዎችዶግ የሚባል ልማድ አለ፤ ቃሉ የቤት ጠባቂ ውሻ ማለት ነው። ይህ ማንቂያ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ድምፁ ከክላስተሩ ውጭ ላለ አገልግሎት በየጊዜው ይደርሳል። ዝም ያለ ዕለት ያ የውጭው አገልግሎት ሰው ይቀሰቅሳል። ዝምታ ደኅንነት ሳይሆን ጥያቄ መሆኑን ያወቅነው በዚያ ስቅለት ነው።

ማጠቃለያ

በ2014 ዓ.ም. የገና ዋዜማ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 6 ቀን 2022፣ ከባንኩ ጋር የሚያገናኘን መስመር ተቋረጠ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ስልኬ ጮኸ። በሃያኛው ደቂቃ ድረ ገጻችን ላይ «መላክ ለጊዜው ተቋርጧል» የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ አዲስ ትእዛዝ መቀበልም አቆምን። ገንዘባቸው በመካከል ለቀረ ደንበኞች በሙሉ የት እንዳለ የሚገልጽ መልእክት ተላከ። መስመሩ የተጠገነው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። እኛ አልጠገንነውም፤ ልንጠግነውም አንችልም ነበር። ክትትል ችግርን አያስቀርም። ግን ለሚጠይቃችሁ ሰው እውነቱን ለመናገር ያስችላችኋል። ያን ምሽት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ወደ እኔ ያስተላለፉት አንድም ስልክ አልነበረም።

ለወጣት የሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ሁላችሁም ኩበርኔቲስ ያስፈልጋችኋል አልልም። የቤተ ክርስቲያን ወይም የእድር ድረ ገጽ የምታስተዳድሩ ከሆነ አንድ ሰርቨርና አንድ ጥሩ ማንቂያ ይበቃችኋል። ክላስተር ከገባችሁ ግን ክትትሉን ከመጀመሪያው ቀን አገናኙት፤ «በኋላ» ብላችሁ አታቆዩት። ስትጨርሱም አለቃችሁን ወይም ግራፉን ሳይሆን ራሳችሁን ጠይቁ፦ አሁን አንዲት እናት ደውለው «የት ነው ያለው?» ቢሉኝ መልስ አለኝ ወይ? ካላችሁ፣ ያኔ ሥራችሁን ሠርታችኋል።

ቸር ይግጠመን።